የባቡር ስም እንዴት ይነበባል?

ፊደል ቆጥረው ማንበብ ለጀመሩ የጎግ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው በናፍጣ ስለሚሠሩ ባቡሮች ስም ነው። «በጎግ ሐዲድ የለም፤ ታዲያ የባቡር ስም ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሳችን እንዲህ ነው። ወፍጮ ቤት ያለው ሞተር፣ ከወንዝ ውሃ የሚስበው ፖምፓ፣ በቆሎ የሚጭነው መኪና፣ ሁሉም እንደ ባቡሩ ስምና ቁጥር አላቸው። ወፍጮው ተሰብሮ መለዋወጫ ሲፈለግ ያን ስምና ቁጥር አንብቦ በትክክል የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ከጠፋ ወፍጮው ቆሞ ይቀራል፤ እናቶችም ወደ ሙቀጫ ይመለሳሉ። የመኪናን ስም አጥርተው በማንበብ ደግሞ የባቡር ወዳጆችን የሚያህል የለም። ስለዚህ ዛሬ ከእነሱ እንማራለን።

በዚህ ንግግር ውስጥ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባቡር የሚለው ቃል

በአገራችን ባቡር የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይጠራበታል። በሐዲድ ላይ የሚሄደው የምድር ባቡር ይባላል። በብዙ ገጠር የእህል ወፍጮውም ባቡር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ ከባድ መኪና ወደ አዲስ አበባ አስመጣ። መኪናው ሐዲድ አይፈልግም፤ በመንገድ ላይ ይሄዳል። ሕዝቡም አይቶ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ይህ ስም መኪናውን ማን እንዳመጣው ይነግረናል። ጉልበቱ ስንት እንደሆነ፣ የት እንደተሠራ ግን አይነግረንም። እንግዲህ አንድ ስም የሚናገረው አለ፤ የማይናገረውም አለ። ይህን ልብ በሉ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረው አሮጌው ሐዲድ ሥራው በ1897 ተጀመረ። በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በአዲስ አበባ የባቡር ጣቢያው ሰፈር ለገሃር ይባላል፤ ቃሉ ፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙ «ጣቢያው» ማለት ነው።

ወደ እኛም አካባቢ ሐዲድ እንዲመጣ ታስቦ ነበር። በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ተዋዋሉ። በውሉ እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ተፈቀደላቸው። በዚያው ውል ላይ ሱዳንን ከኡጋንዳ ጋር የሚያገናኝ ሐዲድ በኢትዮጵያ መሬት ላይ እንዲዘረጉ ፈቃድ ተሰጥቷቸው ነበር። የንግድ ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ፤ ሐዲዱ ግን ሳይዘረጋ ቀረ። ስለዚህ የጋምቤላ ሕዝብ የእንፋሎትን ጉልበት ያየው በሐዲድ ላይ ሳይሆን በውሃ ላይ ነው። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው ጋምቤላ ይደርሱ ነበር።

የናፍጣ ባቡር ምንድን ነው?

ባቡር ሁለት ክፍል አለው። ሰውና ዕቃ የሚጫንበት ፉርጎ ይባላል። ፉርጎዎቹን የሚስበው የፊተኛው ክፍል ሎኮሞቲቭ ነው። እኛ በዚህ ንግግር «ጎታች» እንለዋለን።

የጥንቱ ጎታች እሳት እያነደደ፣ ውሃ እያፈላ፣ በእንፋሎት ይሄድ ነበር። በኋላ የናፍጣ ሞተር መጣ። ይህን ሞተር ያወጣው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። ሞተሩ የተሳካለት በ1897 ነው፤ የጅቡቲ ሐዲድ ሥራ በተጀመረበት ዓመት ማለት ነው። በናፍጣ ሞተር ውስጥ አየር በኃይል ይታመቃል። ሲታመቅ በጣም ይግላል። ናፍጣው በጋለው አየር ላይ ሲረጭ ያለ ካንዴላ በራሱ ይቀጣጠላል። በብዙዎቹ የናፍጣ ጎታቾች ሞተሩ ጎማውን በቀጥታ አያዞርም። ሞተሩ ዲናሞ ያዞራል፤ ዲናሞው ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ኤሌክትሪኩም ከጎማዎቹ አጠገብ ያሉትን ሞተሮች ያንቀሳቅሳል።

በአሮጌው የጅቡቲ መስመር ላይ የናፍጣ ጎታቾች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሠርተዋል። ከእነሱም መካከል የፈረንሳዩ አልስቶም ፋብሪካ የሠራቸው ነበሩ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ ሐዲድ ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው።

ፊደሎቹ ምን ይናገራሉ?

በአኙዋ ስም ኡጁሉ ወንድ ነው፤ አጁሉ ሴት ናት። ኡባንግ ወንድ ነው፤ አባንግ ሴት ናት። የተለወጠችው መጀመሪያ ላይ ያለችው ፊደል ብቻ ናት። ነገር ግን ያቺን ፊደል የሰማ ሰው ስለ ማን እንደሚወራ ያውቃል። የባቡር ስምም እንደዚሁ ነው። አንዲት ፊደል ብዙ ነገር ትናገራለች።

ከፈረንሳዮች እንጀምር። እነሱ ጎታቹን የሚጠሩት ከሆዱ በታች ያለውን ቆጥረው ነው። ግራና ቀኝ ያሉትን የብረት ጎማዎች የሚያያይዝ ብረት ዘንግ ይባላል። አብዛኛው የናፍጣ ጎታች ፊትና ኋላ ሁለት ጋሪ መሳይ እግሮች አሉት። በእያንዳንዱ ጋሪ ላይ ሁለት ዘንግ ካለ ፈረንሳዮች «ቤ ቤ» ይሉታል። ሦስት ሦስት ካለ «ሴ ሴ» ይሉታል። ለምን ይመስላችኋል? «ቤ» በእነሱ ፊደል ሁለተኛዋ ናት፤ «ሴ» ሦስተኛዋ ናት። በእኛ ፊደል ብናደርገው ሀ አንድ፣ ለ ሁለት፣ ሐ ሦስት ስለሆነ፣ የመጀመሪያው «ለለ»፣ ሁለተኛው «ሐሐ» ይባል ነበር። እንግዲህ ምሥጢሩ ይኸው ነው። ፊደልና ቁጥር የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሊፈታው ይችላል።

አሜሪካኖች ደግሞ በሥራው ይጠሩታል። ኤሌክትሮ-ሞቲቭ የተባለው ፋብሪካ ባለ አራት ዘንጉን «ጂፒ» አለው፤ ለማንኛውም ሥራ የሚሆን ማለት ነው። ባለ ስድስት ዘንጉን «ኤስዲ» አለው፤ ለልዩ ሥራ የሚሆን ማለት ነው። ጂፒ 40 እና ኤስዲ 40 ጉልበታቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም 3,000 የፈረስ ጉልበት አላቸው። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ከግንድ የተፈለፈለ ታንኳ ወደ ጊሎ ወንዝ ስታወርዱ አራት ሰው ሲይዘውና ስድስት ሰው ሲይዘው አንድ አይደለም። ስድስት ሰው ሲሆን ክብደቱ ይከፋፈላል፤ መሬት የሚቆነጥጠውም እግር ይበዛል። ባለ ስድስት ዘንጉ ከባድ ጭነት ይዞ በዝግታ ዳገት ለመውጣት ይሻላል።

በ1972 ይኸው ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሥራውን አሻሽሎ ከስሙ ኋላ ትንሽ ጭረትና 2 ቁጥር ጨመረ። ኤስዲ 40 የነበረው ኤስዲ 40-2 ሆነ። ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው 2 ትንሽ ትመስላለች። ውስጡ ግን በብዙ ተለውጧል፤ የአንዱ የኤሌክትሪክ ዕቃ ለሌላው ይሆናል ብሎ በድፍረት መናገር አይቻልም።

ጀርመኖች ጉልበቱን በስሙ ውስጥ ይጽፉ ነበር። «ፋው 200» ያሉት ጎታች 2,000 ያህል የፈረስ ጉልበት ነበረው። «ፋው 100» ያሉት 1,000 ያህል ነበረው። ቁጥሩን በ10 ማባዛት ብቻ ነው። በ1968 የምዕራብ ጀርመን ባቡር ሁሉንም በቁጥር ብቻ መጥራት ጀመረ፤ ፋው 200 የነበረው 220 ተባለ። መጀመሪያ ያለችው 2 «ናፍጣ» ማለት ናት። ከዚህም ሌላ አንድ ብልሃት ጨመሩ። በስድስቱ አኃዞች መጨረሻ ላይ ሰባተኛ አኃዝ ተጻፈ። ይህ አኃዝ ከሌሎቹ ስድስቱ በሒሳብ የሚገኝ ነው። ጸሐፊው አንዷን አኃዝ ቢሳሳት ሒሳቡ አልገጥም ይላል፤ ስሕተቱም ወዲያው ይታወቃል። አያችሁ፣ አንዲት አኃዝ መሳሳት ምን ያህል እንደሚጎዳ ስለሚያውቁ ጠባቂ አቆሙላት።

ህንዶች ደግሞ የሐዲዱን ስፋት ያስቀድማሉ። «ዋይዲኤም-4» የሚል ብናይ፣ «ዋይ» በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነው ማለት ነው። አሮጌው የጅቡቲ ሐዲዳችንም ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። «ዲ» ናፍጣ ነው። «ኤም» ሰውም ዕቃም ይስባል ማለት ነው። 4 ደግሞ የዓይነቱ ተራ ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በህንድ ስም ውስጥ «ዲ» ናፍጣ ነው ብለናል። በአሜሪካው «ኤስዲ» ውስጥ ያለችው «ዲ» ግን ናፍጣ አይደለችም፤ ሥራ ማለት ናት። ፊደሏ አንድ ናት፤ ትርጉሟ ግን ሁለት። ስለዚህ ፊደል ከማንበብ በፊት «ይህን ስም ያወጣው የትኛው ቤት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የባቡር ወዳጆች

የኑዌር ወንድሞቻችን ከብቶቻቸውን በመልካቸውና በቀንዳቸው ለይተው ይጠራሉ። ለሌላው ሰው ሁሉም በሬ በሬ ነው። ለእነሱ ግን ደረቱ ነጭ የሆነው ሌላ ነው፤ ጎኑ ዝንጉርጉር የሆነው ሌላ ነው፤ ስሙም ሌላ ነው። በውጭ አገር ባቡርን እንደዚህ የሚያዩ ሰዎች አሉ። ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ ባቡሩም የእነሱ አይደለም። ደብተርና እርሳስ ይዘው ከሐዲድ ዳር ይቆማሉ። ባቡሩ ሲያልፍ ቁጥሩን ይጽፋሉ፤ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ ማታ ከጓደኞቻቸው ጽሑፍ ጋር ያስተያያሉ።

በእንግሊዝ አገር ኢያን አለን የተባለ ወጣት የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ሰዎች ስለ ጎታቾች ቁጥርና ስም እየጠየቁ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ለእያንዳንዱ መልስ ከመስጠት ሁሉንም በአንድ ትንሽ መጽሐፍ መዘርዘር ይሻላል አለና በ1942 አሳተመ። ከዚያ በኋላ ብዙ ልጆች ይህን የመሰለ መጽሐፍ እየያዙ ያዩትን ቁጥር ያሰምሩበት ጀመር።

የባቡር ወዳጆች ሥራ ቁጥር መጻፍ ብቻ አይደለም። ፋብሪካው ያልለየውንም ይለያሉ። ለምሳሌ ኤሌክትሮ-ሞቲቭ ከ1945 እስከ 1949 «ኤፍ 3» የሚባል ጎታች ሠራ። በእነዚህ ዓመቶች ውስጥ ፋብሪካው ጥቂት በጥቂት ይለውጠው ነበር። መጀመሪያ በጎኑ ላይ ሦስት ክብ መስኮቶች ነበሩት፤ በኋላ ሁለት ሆኑ። በጣሪያው ላይ ያሉት የማቀዝቀዣ ክዳኖች መጀመሪያ ረጃጅም ነበሩ፤ በኋላ አጠሩ። ስሙ ግን ያው ኤፍ 3 ነው። የባቡር ወዳጆች ይህን አይተው በየተራው ከፋፈሉት፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ሁለተኛው ምዕራፍ እያሉ ስም አወጡለት። ይህ ክፍፍል የፋብሪካው አይደለም። በዓይናቸው አይተው፣ ቆጥረው፣ ጽፈው ያገኙት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ «ለምን?» ብለው መጠየቃቸው ነው። አንዱ ኤስዲ 40-2 አየር የሚስብበት ቀዳዳ ወደ ላይ ነው፤ ሌላው ወደ ታች ዝቅ ያለ ነው። ዝቅ ያለው «ኤስዲ 40ቲ-2» ይባላል፤ ወዳጆቹም «የዋሻ ሞተር» ይሉታል። ምክንያቱን እናንተም ታውቁታላችሁ። በጎጆ ውስጥ እሳት ሲነድ ጭሱና ሙቀቱ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ይተነፍሳል። ባቡርም ተራራ ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ ሲያልፍ ሙቀቱ ወደ ላይ ይከማቻል። ጎታቹ ቀዝቃዛ አየር እንዲያገኝ አፉን ወደ ታች አደረጉለት። «ቲ» የምትለዋ አንዲት ፊደል ይህን ሁሉ ትናገራለች።

ወዳጆቹ አንድ ሌላ ትምህርት አላቸው። ጎታች ሲያረጅ ወደ ጥገና ይገባል፤ የአንዱ ክዳን በሌላው ላይ ይገጠማል፤ ቀለሙም ይለወጣል። ስለዚህ በአንድ ምልክት ብቻ አይፈርዱም። ፋብሪካው የመታበትን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ፈልገው የተሠራበትን ተራ ቁጥር ያነባሉ። ቀለም ያታልላል፤ ሰሌዳው ግን አይለወጥም።

ሕዝብ የሚያወጣው ስም

ሕዝብ ደግሞ በጆሮው ስም ያወጣል። በእንግሊዝ አገር 37 ቁጥር የተባለውን የጎታች ዓይነት ወዳጆቹ «ትራክተር» ይሉታል፤ ድምፁ ትራክተር ይመስላልና። 40 ቁጥር የተባለውን «አፏጪ» ይሉታል፤ ሲሄድ ያፏጫልና። በሶቪየት ኅብረት የተሠራ «ኤም 62» የሚባል ጎታች ወደ ምሥራቅ ጀርመን በሄደ ጊዜ ጩኸቱ ሰው አላስተኛ አለ። ሰዎቹም «የታይጋ ከበሮ» አሉት። ታይጋ የሩሲያ ትልቅ ጫካ ነው።

በእኛም አገር እንዲሁ ነው። ፊያት 682 ኤን 3 የተባለውን የጣሊያን የጭነት መኪና ሾፌሮቻችን «ኤንትሬ» አሉት፤ «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ነው። ስለዚህ ይህ ስም ቁጥሩን ይዟል። ሲኖትራክ የተባለውን የቻይና ገልባጭ መኪና ግን ሰው «ቀይ ሽብር» አለው፤ ስለሚያደርሰው አደጋ ነው። ይህ ስም ተጠንቀቁ ይላል፤ ስለ መኪናው ዓይነት ግን ምንም አይልም።

እንግዲህ የሰርኪስን ባቡር አስታውሱ። የሕዝብ ስም ለጨዋታና ለማስጠንቀቂያ ጥሩ ነው፤ የፋብሪካው ስም ለመለዋወጫ ነው። አይሱዙ ተበላሸ ብሎ ዕቃ የሚገዛ ሰው «ኤንፒአር ነው ወይስ ኤፍኤስአር?» ተብሎ ይጠየቃል። ሁለቱም አይሱዙ ናቸው፤ ትልቅና ትንሽ ናቸው። «አይሱዙ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም።

አሁን ወፍጮ ቤት እንግባ

እንበልና የወፍጮው ኩሽኔታ ተበላ። ኩሽኔታ ዘንጉ እንደልብ እንዲዞር የሚያደርግ፣ በውስጡ ትንንሽ የብረት ኳሶች ያሉት ቀለበት ነው። በጠርዙ ላይ ቁጥር ተመትቶበታል። 6205 ይላል እንበል። ይህ ቁጥር በዓለም ላይ ብዙ ፋብሪካዎች የተስማሙበት ስለሆነ የትኛውም ፋብሪካ ቢሠራው መጠኑ አንድ ነው።

እንደ ባቡር ወዳጆች እናንብበው። መጀመሪያ ያለችው 6 የኩሽኔታውን ዓይነት ትናገራለች። ቀጥላ ያለችው 2 የውፍረቱን ተራ ትናገራለች። መጨረሻ ያሉትን 05 በ5 ብናባዛ 25 ይሆናል። ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ 25 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው።

አሁን የተላከው ሰው ቁጥሩን ተሳስቶ 6305 ብሎ ጻፈ እንበል። የ6305ም ቀዳዳ 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ዘንጉ ውስጥ ይገባል። ሰውየውም ደስ ይለዋል። ነገር ግን የ6205 የውጭ ስፋት 52 ሚሊ ሜትር ሲሆን የ6305 ግን 62 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ ቤቱ አይገባም። በአንዲት አኃዝ ስሕተት የመንገዱ ድካምና የማኅበሩ ገንዘብ ባከነ፤ ከፑኝዶ ጋምቤላ ከተማ እንደገና መሄድ መጣ። እስከዚያ ድረስ በቆሎው በሙቀጫ ይወቀጣል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንድታደርጉ እንመክራለን።

አንደኛ፣ ሞተሩ በደህና እየሠራ ሳለ፣ ሥራ በሚቆምበት ሰዓት የብረት ሰሌዳውን በጨርቅ ጥረጉና አንብቡ። ቀለም ስትቀቡ ሰሌዳውን አትሸፍኑት።

ሁለተኛ፣ ሦስት ነገር በማኅበሩ ደብተር ላይ ጻፉ፦ የፋብሪካውን ስም፣ የሞተሩን ዓይነት፣ ተራ ቁጥሩን። ፊደሉ የፈረንጅ ከሆነና ካላወቃችሁት ቅርጹን እንደ ሥዕል ቅዱ። አኃዙን ግን ተምራችሁታል።

ሦስተኛ፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን ትንሽ ፊደል ወይም ቁጥር አትዝለሉ። 40 እና 40-2 አንድ እንዳልሆኑ አይተናል። በኩሽኔታም ላይ ከቁጥሩ ኋላ የሚመጡ ፊደሎች ክዳን ያለውን ክዳን ከሌለው ይለያሉ። አቧራ ለሚበዛበት ወፍጮ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አራተኛ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያንብበው። የጀርመን ባቡሮች ሰባተኛ አኃዝ ጠባቂ ናት ብለናል። የእናንተ ጠባቂ ደግሞ ደብተሩን የሚያነብ ሁለተኛ ሰው ነው።

አምስተኛ፣ የተበላውን ዕቃ አትጣሉ። መልእክተኛው ከወረቀቱ ጋር ይዞት ይሂድ።

ፊደል የቆጠርነው ደብዳቤ ለማንበብ ብቻ አይደለም። ከእንግዲህ ወዲያ ወፍጮው ሲቆም ሌላ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። ሰሌዳውን አንብበን፣ ጽፈን፣ አስተያይተን እንልካለን።

ጥያቄዎች

1. «የሰርኪስ ባቡር» የሚለው ስም ምን ይነግረናል? የማይነግረንስ ምንድን ነው?

2. ፈረንሳዮች «ቤ ቤ» እና «ሴ ሴ» የሚሉት ምን ቆጥረው ነው?

3. የዋሻው ሞተር አየር የሚስበው ከታች ለምንድን ነው?

4. ቁጥሩ 6204 የሆነ ኩሽኔታ ቀዳዳው ስንት ሚሊ ሜትር ነው? አባዝታችሁ አግኙ።

5. በቀበሌያችሁ ያለውን የአንድ ሞተር ሰሌዳ አንብባችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ጓደኛችሁም ያስተያይላችሁ።